አፍንጫ ውስጥ ያልሆነው ሳይነስ፦ በአራሷ አንጎል ስለረጋው ደም

የቀረበው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የ28 ዓመት እህቴ በሰላም በተገላገለች በ12ኛው ቀን ብርቱ ራስ ምታት ጀመራት። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ቢያጠጣትም አልተሻላትም። በአምስተኛው ቀን ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረና ራሷን ሳተች። በሲቲ ስካን ‹በግራ በኩል ትንሽ የፈሰሰ ደም አለ› ተባልን፤ በማግስቱ በኤምአርአይ ‹የአንጎሏ ሳይነስ ውስጥ ደም ረግቷል› አሉን። እሷ ከድሮም ሳይነስ አለባት፣ ብርድ ሲነካት አፍንጫዋ ይዘጋል። እሱ ነው ወደ አንጎል የወጣው? ደም ፈሷል እየተባለስ ደም ማቅጠኛ መርፌ የሚሰጣት ለምንድን ነው? ትድናለች ወይ?»

እህትዎን ፈጣሪ ይማርልን። ሦስቱንም ጥያቄ እመልሳለሁ፤ ነገር ግን ሁለተኛው፣ ማለትም ደም ለፈሰሰበት አንጎል ደም ማቅጠኛ የመስጠቱ ነገር፣ የእነዚህን ቦዮች አሠራር ላላወቀ ሰው እብደት ስለሚመስል፣ ወደዚያ የምደርሰው በአናቶሚው በኩል ዞሬ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሳይነስ የላቲን ቃል ሲሆን ጉያ፣ ጎድጓዳ ቦታ ወይም የባሕር ወሽመጥ እንደ ማለት ነው፤ የቀድሞ ሐኪሞችም በሰውነት ውስጥ ጎድጎድ ብለው ያገኟቸውን የተለያዩ ነገሮች በዚሁ አንድ ስም ጠርተዋቸዋል። እኛ አገር «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ሰው የሚያወራው በጉንጭ፣ በግንባርና ከአፍንጫ በስተኋላ ባሉት አጥንቶች ውስጥ ስለሚገኙት፣ አየር ስለሞላባቸው ክፍተቶች መቆጣት ነው። የእህትዎ ሐኪሞች የጠሩት ግን ሌላ ነው፤ ከራስ ቅል በታች፣ አንጎልን በለበሰው ጠንካራ ሽፋን ውስጥ የተዘረጋ፣ ከአንጎል የሚመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ አንገት የሚያወርድ ቦይ ነው። የመጀመሪያው የሚይዘው አየር፣ የሁለተኛው ደም ነው። ስለዚህ የአፍንጫዋ መዘጋት ወደ አንጎሏ አልወጣም ማለት እችላለሁ፤ ሁለቱ ሳይነሶች ግድግዳ የሚጋሩበት አንድ ቦታ ስላለ ግን በስተመጨረሻ እመለስበታለሁ።

አንጎል በደቂቃ 750 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይቀበላል፤ ይህም ልብ ከሚረጨው 15 በመቶ ገደማ ነው። በደም ቅዳ የገባው ይህ ሁሉ ደም በደም መልስ በኩል በዚያው ፍጥነት መውጣት አለበት፤ የራስ ቅል የማይለጠጥ አጥንት በመሆኑ የሚጠራቀምበት ትርፍ ቦታ የለም። በክንድና በእግር ያሉት ደም መልሶች በግድግዳቸው ጡንቻ፣ በውስጣቸውም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉ ቫልቮች አሏቸው። የአንጎል ሳይነሶች ሁለቱም የሏቸውም። ዱራ ማተር የሚባለው የአንጎል የውጭ ሽፋን ድርብ ነው፤ አንደኛው ድርብ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ሲቀር፣ ሁለተኛው በተወሰኑ መስመሮች ላይ ከእሱ ተለይቶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ በመሃላቸው የሚቀረውም ክፍተት ውስጡ በስስ የሕዋስ ረድፍ ተለብጦ ሳይነስ ይሆናል።

ተማሪ ሳለሁ፣ በአናቶሚ ክፍል የራስ ቅሉ ክዳን ከተነሣ በኋላ መምህራችን መሃል አናቱን ከፊት ወደ ኋላ በመቀስ ሲከፍቱት ያየሁት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። የጠበቅሁት ባዶ ሲሆን የሚጨማደድ ቧንቧ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ደም ሳይኖርበትም ክፍት ሆኖ የሚቆም፣ ቢቆረጥ ሦስት ማዕዘን የሚያሳይ፣ ግድግዳው እንደ ለፋ ቆዳ የጠነከረ ቦይ ነው። በግራና በቀኝ ጎኑ አንዳንዱ የጤፍ ፍሬ፣ አንዳንዱ የማሽላ ፍሬ የሚያክል ነጫጭ እባጭ ተደርድሯል። እነዚህ እባጮች አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን የሚያጥበው ፈሳሽ ወደ ደም ከሚመለስባቸው በሮች ዋነኞቹ ናቸው። እባክዎ ይህን ይያዙልኝ፤ በኋላ ለራስ ምታቱ ምክንያት ሆኖ ይመጣል። የግድግዳው ጥንካሬ ስናስልና ስናስነጥስ ቦዩ እንዳይጨፈለቅ ይረዳዋል፤ ነገር ግን በአደጋ የተቀደደ እንደሆነ እንደ ሌላው ደም ሥር ራሱን ማኮማተር ስለማይችል አደገኛ ደም ይፈስሳል፤ ሕመምተኛው ተቀምጦ በሚደረግ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምናም ጊዜ ክፍቱ ቦይ አየር ስቦ ወደ ልብ ሊያስገባ ስለሚችል የቀዶ ሕክምናም የማደንዘዣም ባለሙያዎች አጥብቀው ይፈሩታል።

ይህ በመሃል አናት የሚሄደው የላይኛው ሳጂታል ሳይነስ ይባላል። ከአፍንጫ ሥር በላይ ተነሥቶ፣ የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚለየውን ማጭድ መሰል ግርዶሽ የላይ ጠርዝ ተከትሎ ወደ ኋላ ይጓዛል። የሕፃን እርግብግቢት ሲዳስሱ ጣትዎና ይህ ቦይ የሚለያዩት በቆዳና በስስ ሽፋን ብቻ ነው። በማጭዱ የታች ጠርዝ የሚሄደው አነስተኛ ሳይነስ ደግሞ ከአንጎል ጥልቅ ክፍል ከሚመጣው፣ በጥንቱ ሐኪም በጋለን ስም ከሚጠራው ትልቅ ደም መልስ ጋር ተገናኝቶ ቀጥተኛውን ሳይነስ ይሠራል። ሁሉም የሚገናኙት በራስ ቅል የኋላ ክፍል፣ ከውስጥ በኩል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ሬሳ እየከፈተ ያጠና የነበረው ሄሮፊሉስ ይህን መገናኛ ከወይን መጥመቂያ ጋር ስላመሳሰለው፣ ዛሬም በሕክምና መጻሕፍት «የሄሮፊሉስ መጥመቂያ» እየተባለ ይጠራል። ከዚያ ደሙ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ትራንስቨርስ ሳይነሶች ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ከጆሮ ጀርባ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ሲግሞይድ ሳይነስ ይባልና ከራስ ቅል ወጥቶ የአንገት ትልቁ ደም መልስ ይሆናል።

እዚህ ላይ ምርመራ ላነበበ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ላስገባ። በብዙ ሰዎች የቀኙ ትራንስቨርስ ሳይነስ ከግራው ይሰፋል፤ ግራው ከተፈጥሮው ክር መስሎ የቀረባቸውም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ «የግራ ትራንስቨርስ ሳይነስ ቀጭን ነው» የሚል ሪፖርት ብቻውን በሽታ አይደለም፤ የረጋ ደምና ተፈጥሯዊ ቅጥነት መለየት ደግሞ ለራዲዮሎጂ ባለሙያም ቢሆን አስቸጋሪ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እህትዎ ላይ የተገኘው ግን በላይኛው ሳጂታል ሳይነስ ውስጥ ከሆነ፣ እንደ ነገሩኝ ምልክትም ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ይህ ጥርጣሬ እምብዛም አይነሣም።

ቦዩ ሲደፈን ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ይደርሳሉ። የመጀመሪያው ፈሳሹን ይመለከታል፤ እነዚያ የጤፍና የማሽላ ፍሬ የሚያክሉት በሮች የሚከፈቱት ወደ ሳይነሱ ውስጥ ስለሆነ፣ ሳይነሱ ሲደፈን ፈሳሹ መመለሻ ያጣል፣ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊትም ከፍ ይላል። ራስ ምታቱ ሲተኙ፣ ሲያስሉና ሲያምጡ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ግፊቱ ከቆየም የዓይን ነርቭ ያብጣል። ሁለተኛው የአንጎሉን ሥጋ የሚነካ ነው። ከአንጎል ገጽ ተነሥተው ወደ ሳይነሱ የሚገቡ እንደ ድልድይ የተዘረጉ ትንንሽ ደም መልሶች አሉ። (ከወደቁ ሳምንታት በኋላ ግራ የመጋባትና የመፍዘዝ ምልክት በሚያሳዩ አዛውንቶች ላይ ብዙ ጊዜ ተበጥሰው የምናገኛቸው እነዚሁ ናቸው።) የረጋው ደም ወደ እነሱ ሲዘልቅ፣ በዚያ አካባቢ ያለው አንጎል በደም ይወጠራል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ስስ ቧንቧዎቹ ግፊቱን መቋቋም አቅቷቸው ደም ያንጠባጥባሉ። በግራ በኩል የፈሰሰው ደም ቀኝ እጇን ያንቀጠቀጠው፣ የግራው አንጎል የቀኙን አካል ስለሚያዝ ነው።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ጥያቄ። በደም ግፊት ብዛት ደም ቅዳ ፈንድቶበት ስትሮክ ለያዘው ሰው ሄፓሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ መርፌ ብንሰጠው እንጎዳዋለን። የእህትዎ ደም የፈሰሰው ግን ከወደ መውጫው ስለተዘጋ ነው። የመስኖ ቦይ በደለል ሲደፈን ውሃው ጥሶ ማሳው ላይ ይተኛል፤ ገበሬው ማሳው ላይ የተኛውን ውሃ በጣሳ ሲጨልፍ አይውልም፣ ቦዩን ይጠርጋል እንጂ። ሄፓሪን የረጋውን ደም ራሱ አያሟሟም፤ አዲስ ደም በላዩ ላይ እንዳይረጋ ያግዳል፣ የማሟሟቱን ሥራም ሰውነት ራሱ በጊዜው ይሠራል። ካልተሰጠ የረጋው ደም ወደ ተጨማሪ ደም መልሶች ይዘልቃል፣ ግፊቱ ይብሳል፣ የሚፈሰውም ደም ይጨምራል። ይህን ሐኪሞችም ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ በጀርመን የተደረገ ጥናት 20 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ሄፓሪን፣ ለግማሾቹ ባዶ መድኃኒት ሰጠ። ሄፓሪን ከወሰዱት 10 ሰዎች 8ቱ ሙሉ በሙሉ ዳኑ፣ ሁለቱ ላይ ቀላል ጉድለት ቀረ፣ የሞተ አልነበረም፤ ካልወሰዱት ሦስቱ ሞቱ። ልዩነቱ ቶሎ ስለታየ ጥናቱ ቀድሞ ቆመ። እነዚሁ ሐኪሞች አስቀድሞ ደም ፈሶባቸው የነበሩ ሰዎችን መዝገብ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲመረምሩም፣ ሄፓሪን ከተሰጣቸው 27 ሰዎች የሞቱት 4፣ ካልተሰጣቸው 13 ሰዎች ግን 9 ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የሕክምና መመሪያዎች በፈሰሰው ደም ምክንያት ሄፓሪን መከልከል እንደሌለበት ይስማማሉ፣ እኔም ከሥራ ልምዴ በዚህ አልጠራጠርም።

ለምን እሷን ያዛት? በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሴት ደም ከወትሮው ቶሎ የሚረጋ ይሆናል፤ ተፈጥሮ ይህን ያደረገችው በወሊድ የሚፈሰውን ደም ለማቆም ነው። በአራስነት የሚከሰት ድርቀት፣ ኢንፌክሽንና የደም ማነስ ነገሩን ያባብሱታል፤ በዘር የሚወረስ ደም ቶሎ የማርጋት ባሕርይም ሊኖር ስለሚችል ሐኪሞቿ ተገቢ በመሰላቸው ጊዜ ይመረምሩት ይሆናል። ከእርግዝና ውጭ ደግሞ ኤስትሮጅን ያለባቸው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች፣ ካንሰር፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የጆሮና የፊት ኢንፌክሽን በምክንያትነት ይታወቃሉ። ብዙ ሰው የዚህን በሽታ ስም መጀመሪያ የሰማው እ.ኤ.አ. በ2021 ከአስትራዜኔካ የኮሮና ክትባት ጋር ተያይዞ ነው፤ ያ እጅግ ያልተለመደና አመጣጡም የተለየ ስለሆነ ከእህትዎ ጉዳይ ጋር አያያይዙት።

ስለ ምች ጉዳይ ቤተሰቡን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም። አራስ ሴት ራሷን ሲያማት ምች መታት ማለት አያቶቻችን የሰጡን ማብራሪያ ነው፤ ዳማከሴውም አይደለም የጎዳት። የጎዳው የጠፋው አምስት ቀን ነው። የአራስ ራስ ምታት ከሦስት ነገሮች አንዱ እንዳልሆነ ሳይረጋገጥ ቤት መቀመጥ የለበትም። አንደኛው የደም ግፊት ነው፤ ከእርግዝና ጋር የሚመጣው የግፊት ሕመም ከወለደች በኋላም ሊነሣ ይችላል፣ የሚታወቀውም ክንድ ላይ በሚጠለቅ መለኪያ ነው። ሁለተኛው በወሊድ ጊዜ ጀርባዋ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ከተወጋች የሚመጣው ራስ ምታት ነው፤ ይህኛው ስትቀመጥ ይብሳል፣ ጋደም ስትል ይቀልላል። ሦስተኛው የሳይነስ መርጋት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ስትተኛ፣ በተለይም ሌሊትና ንጋት ላይ ይብሳል። ይህ ልዩነት ጥርጣሬን ይመራል እንጂ ውሳኔ አይሰጥም፤ ከማደንዘዣው መርፌ የመጣ ራስ ምታት ሆኖ የጀመረው ባሕርዩን ለውጦ ወደ ሳይነስ መርጋት ሲሸጋገር ያየሁበት ጊዜ አለ።

በምርመራው በኩል፣ የመጀመሪያው ሲቲ ስካን ምክንያቱን አለማሳየቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ያለ ንጥረ ቀለም (ደም ሥሮችን አጉልቶ ለማሳየት በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ) የሚነሣ ሲቲ በብዙዎቹ ሕሙማን ላይ የረጋውን ደም አያሳይም። ንጥረ ቀለም ሲሰጥ ግን የሳይነሱ ሦስት ማዕዘን ጠርዙ በርቶ መሃሉ ጨልሞ ሊታይ ይችላል፤ መሃሉ የጨለመው ቀለሙ የረጋውን ደም ዘልቆ ማለፍ ስላቃተው ነው። ኤምአርአይ በሌለበት ሆስፒታል ለምትሠሩ ባልደረቦቼ የምለው፣ የዓይንን ጀርባ በኦፍታልሞስኮፕ ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ መሆኑን ነው። ያበጠ የዓይን ነርቭ የታየባትን አራስ በማስታገሻ ብቻ ወደ ቤቷ መስደድ አይገባም።

ትድናለች ወይ ላሉት፣ ዕድሏ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ የታተመውና በ21 አገሮች 624 ሕሙማንን የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው ከ100 ሕሙማን 79ኙ ያህል ሙሉ በሙሉ ወይም ቀላል ምልክት ብቻ ቀርቶባቸው አገግመዋል፣ 8ቱ ያህል ሞተዋል፤ ከሕሙማኑም ሦስት አራተኛ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ኮማ ውስጥ መግባት፣ በቀጥተኛው ሳይነስና በጥልቁ ደም መልስ መርጋት፣ እንዲሁም ደም መፍሰሱ ተስፋውን ይቀንሱታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እህትዎ ላይ ከሌሉ፣ ወጣትነቷም ተጨምሮ፣ ሚዛኑ ወደ መዳን ያደላል። የመንቀጥቀጡ መድኃኒት ለወራት ሊቀጥል ይችላል፤ ራሷ ደህና ሆንኩ ብላ እንዳታቋርጠው።

ከሄፓሪን በአፍ ወደሚዋጠው ደም ማቅጠኛ፣ ወደ ዋርፋሪን፣ ስትዛወር ምክንያቱ ወሊድ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ትወስዳለች። ሄፓሪንም ዋርፋሪንም ጡት ከማጥባት አያግዷትም፤ ልጇን ታጥባ። የሚያስቸግረው ጎመን ነው። ጎመን ዋርፋሪንን የሚቃረነው ቫይታሚን ኬ የበዛበት ስለሆነ፣ በፍስክ ወራት እምብዛም ሳትቀምሰው ቆይታ ጾም ሲገባ በየቀኑ ብትበላ፣ አይኤንአር የሚባለው የደም መለኪያዋ ይወርዳል፣ መድኃኒቱም ሥራውን ያቆማል። ጎመን አትብላ አልልም፤ መጠኑን ከሳምንት ሳምንት አታለዋውጠው፣ ጾሙ ሲገባና ሲወጣም ምርመራዋን ታስቀድመው። አይኤንአሯ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚህ በኋላ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን አይሆናትም፤ ሉፕን የመሰለ ሌላ መንገድ ከሐኪሟ ጋር ትምረጥ። ወደፊት መውለድ አልተከለከለችም፤ ነገር ግን ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንሱን ስለሚጎዳ፣ ለማርገዝ ባሰበች ጊዜ ገና ሳታረግዝ ሐኪሟን ታማክር፣ በእርግዝናውም ወቅት መከላከያ የሄፓሪን መርፌ ሊታዘዝላት ይችላል።

አሁን ቀጠሮ ወደያዝሁለት ቦታ ልመለስ። ፒቱታሪ ዕጢ በተቀመጠባት፣ አናቶሚስቶች የቱርክ ኮርቻ በሚሏት አጥንት ግራና ቀኝ ካቨርነስ ሳይነሶች ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ከሁሉም ሳይነሶች የሚለዩት በውስጣቸው በሚያልፈው ነው። ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ የአንገት ደም ቅዳ በመሃላቸው ያልፋል፣ ዓይንን ወደ ውጭ የሚያዞረው ስድስተኛው ነርቭም ከጎኑ አለ፤ ሌሎቹ የዓይን አንቀሳቃሽና የፊት ስሜት ነርቮች ደግሞ በግድግዳቸው ውስጥ ተሰድረዋል። በጭንቅላት አደጋ ያ ደም ቅዳ ሳይነሱ ውስጥ እንዳለ ቢቀደድ፣ ዓይን ወደ ውጭ ገፍቶ ከልብ ምት ጋር እኩል ይመታል፣ በጆሮ ማዳመጫም የሚነፋ ድምፅ ይሰማበታል።

ከአፍንጫ ሳይነስ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ይህ ነው። ስፊኖይድ የሚባለው የኋለኛው የአየር ሳይነስ ከካቨርነስ ሳይነስ የሚለየው በስስ አጥንት ነው፤ ስለዚህ ስፊኖይድ ውስጥ መግል ሲቋጠር ወደ ደም ቦዩ ሊያልፍ ይችላል። ፊትም ሌላ መንገድ አለው፤ ከአፍንጫ ሥር እስከ ላይኛው ከንፈር ዳርቻ ያለው ሦስት ማዕዘን ደሙን የሚመልሰው በከፊል በዓይን ጉድጓድ በኩል ወደ ካቨርነስ ሳይነስ ሲሆን፣ ቫልቭ አይበቃውምና ብጉንጅ ሲጨመቅ ጀርሙ ወደ ውስጥ ሊገፋ ይችላል። ሰዎች አፍንጫቸው ላይ ያለውን ብጉንጅ በጥፍራቸው ሲያፈርጡ እያየሁ ዝም ማለት ያቅተኛል። ትኩሳት፣ ያበጠ የዓይን ቆብ፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት ከተከተሉ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ከዚህ የሚተርፍ እምብዛም አልነበረም። ጆሮው ለወራት የሚመግል ሕፃን ደግሞ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት አማካይነት ሲግሞይድ ሳይነሱ ሊደፈንበት ይችላል፤ ጆሮ ውስጥ ዘይትና የቅጠል ጭማቂ መጨመር ቀርቶ የጆሮ ሐኪም ጋ መሄድ ይኖርበታል።

የእህትዎን በተመለከተ፣ በኤምአርአዩ ፊልም ላይ ስፊኖይዱም አብሮ ተነሥቷል። ሪፖርቱ የአየር ሳይነሶቹ ጥርት ያሉ ናቸው የሚል ከሆነ፣ በብርድ የሚዘጋው አፍንጫዋ በዚህ ሕመም ውስጥ ድርሻ የለውም፤ ስለ አየር ሳይነሶቹ ምንም ያልተጻፈ እንደሆነ ደግሞ የራዲዮሎጂ ባለሙያው ፊልሙን ደግሞ እንዲያይና ያንን አንድ መስመር እንዲጨምርበት በትሕትና ይጠይቁት።